አሮጌው ፎቅ ከፊት ይቆይ፣ አዲሱ ከጓሮ ይሠራ

ጥያቄው ከደሴ ነው የመጣው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። «ፒያሳ አካባቢ አያታችን የሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለን። ከጣሊያን በፊት እንደተሠራ ይነገራል። ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨትና ጭቃ ሆኖ የእንጨት ሰገነት አለው። ግቢው 400 ካሬ ያህል ነው። ከጓሮ ያሉት አራት ክፍሎች በ1967 ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሆነዋል፤ አራት ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። አሁን አንድ ባለሀብት ሁሉንም አፍርሶ ጂ+4 ሊሠራና ግማሹን ሊሰጠን ይፈልጋል። ቤቱ ቅርስ ሊባል ይችላል የሚል ወሬም ሰምተናል። ቅርስ ከተባለ ተወሰደብን ማለት ነው? ጭቃ ቤትስ ታድሶ ሰው ሊኖርበት ይችላል? አራት ወንድምና እህት ነን፤ ጅዳ ያለችው እህታችን ድርሻዋን በገንዘብ ትፈልጋለች። የጓሮዎቹ ሰዎች አብረውን ያደጉ ናቸው፤ ሜዳ ላይ እንዲወድቁ አንፈልግም።»

ቤቱን አያፍርሱት። የባለሀብቱንም ውል ለጊዜው አይፈርሙ። ምክንያቱን ከታች እዘረዝራለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ጥያቄው ውስጥና በዙሪያው ያሉ ሦስት ስህተቶች መስተካከል አለባቸው።

አንደኛው ቅርስ ማለት መወረስ ነው የሚለው ነው። አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይቀበላል። የተመዘገበ ቤት ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል፤ ይኖርበታል፣ ያከራየዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል። የሚጨመርበት ግዴታ ነው። በራሱ ወጪ ይጠብቀዋል፤ ከማደሱ ወይም ከመለወጡ በፊት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሊሸጠው ሲያስብ አስቀድሞ ያሳውቃል። ቅርስን ማውደም ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ይህ ቀላል ሸክም ነው አልልም። ለአንድ የቆርቆሮ ቅያሪ ደብዳቤ ይዞ መመላለስ ያሰለቻል። ግን ቤት ከመነጠቅ ጋር አይገናኝም። እኛ የ1967ን ነገር ስላልረሳን «መንግሥት መዘገበው» ስንባል ልባችን ወዲያው ወደ መወረስ ይሄዳል። ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች ናቸው።

በዚያ ላይ አሮጌ ቤት ሁሉ የተመዘገበ ቅርስ አይደለም። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ቅርሶችን የአገርና የክልል ብሎ ይመድባል። ደሴ ላይ ቅርስ ሲባል ሰው የሚያስበው የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ወይም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረውን ሙዚየም ነው። የእርስዎ ቤት በየትኛውም መዝገብ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በወሬ አይመሩ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» ያለ ሰው ነገ ከቢሮው ይቀየራል። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ በፕላኑ ላይ ያ ሰፈር ምን ተብሎ እንደተያዘ ያሳዩዎት። የኮሪደር ልማት በየከተማው እየገባ ባለበት በዚህ ጊዜ የመንገድ ስፋትዎ የት ድረስ እንደሚመጣ ሳያውቁ አንድ ብር አያውጡ።

ሁለተኛው ስህተት ጭቃ ቤት ዕድሜው አጭር ነው የሚለው ነው። ጭቃ ቤትን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ውሃ ነው። በደሴ ከፍታ፣ ከባህር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ክረምቱ ብርቱ ነው። ውሃው በሁለት በኩል ይገባል፤ ከላይ በተቀደደ ቆርቆሮና በጠፋ አሸንዳ፣ ከታች ደግሞ ከመንገዱ። የታችኛውን ብዙ ሰው አያየውም። መንገዱ በየጊዜው አፈር ሲደለደልበት፣ ከዚያ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ ይላል። ቤቱ ባለበት ይቀራል። ድሮ ሁለትና ሦስት ደረጃ ይወጣበት የነበረው በር ዛሬ ከመንገዱ እኩል ሆኖ ያገኙታል። ዝናቡ ሲዘንብ ጎርፉ የግድግዳውን እግር እየላሰ ያልፋል።

ከዚያ ደግ አሳቢ የሆነ ሰው ይመጣና ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስነዋል። ይህ ነው ቤቱን የሚጨርሰው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ሲለበስበት መውጫ ያጣል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይገባል። ከውጭ ሲያዩት ግን ቀለም የተቀባ፣ ያማረ ግድግዳ ነው። አንድ አሮጌ ቤት ላይ እንዲህ ያለውን ልስን አንስተን ቋሚውን አየነው። የታችኛው ስንዝር በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይፈርስ ነበር። ከጉልበት በላይ ያለው ግን ጤነኛ ጥድ ነበር፤ አናጢው በመጋዝ ሲቆርጠው ሽታው ገና አልጠፋም። ያ ቤት «አልቋል» ተብሎ የነበረ ነው። ያለቀው የቋሚዎቹ እግር ብቻ ነበር። እግሩ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ድንጋይ ገብቶ፣ ጤነኛ እንጨት ተቀጥሎ ታሰረ።

የእርስዎንም ቤት እንዲህ ይመርምሩት። ካቻቢቴ ይያዙና እያንዳንዱን ቋሚ ከወለሉ አጠገብ ይውጉት። ጫፉ ብቻ ከገባ ጤነኛ ነው። እስከ እጀታው ከሰመጠ ተበልቷል። ልስኑን በጣትዎ መገጣጠሚያ ያንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ተላቋል። ፎቁን የተሸከሙት እንጨቶች ድንጋዩ ውስጥ የገቡበትን ጫፍ በደንብ ይዩ። ጣውላው ደህና መስሎ ጫፉ የበሰበሰ ፎቅ በጣም አደገኛ ነው። ያንን ሳያረጋግጡ ላይኛው ክፍል ሰው አይሰብስቡ። ለቅሶም ሠርግም ቢሆን ታች ይሁን። እንጨቱ ጥድ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም። በኋላ ዘመን ባህር ዛፍ የተቀጠለበት ቦታ ካለ መጀመሪያ እሱን ይጠራጠሩ።

ሦስተኛው ስህተት አፍርሶ መሥራት ለሰው ርካሽ ቤት ያመጣል የሚለው ነው። ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ የማየው እዚህ ላይ ነው።

በከተሞቻችን መሀል ለድሃ የሚሆን ቤት እንዴት እንደቆየ እናስታውስ። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራይ ተቀነሰ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይነካ ቆየ። በዚያ ኪራይ የሚኖር ጡረተኛ፣ ጉሊት ቸርቻሪ፣ ልብስ ሰፊ ከገበያው ሳይርቅ ኑሮውን ገፋ። ግን ያ ኪራይ ቆርቆሮ መቀየሪያ እንኳ አይሆንም። ቀበሌው አያድስ፣ ተከራዩ ያለ ፈቃድ መንካት አይችል። ስለዚህ ቤቶቹ ርካሽ ሆነው ቀሩ፣ እየተጎዱም ሄዱ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ነው የመጡት። የጓሮዎ አራት ክፍሎች ታሪክም ይኸው ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ይህንን ክፍተት እንዲሞላ ታስቦ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች ብዙ ሰው ጣሪያ አግኝቶበታል፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያ ነበረበት፣ ወርሃዊ የባንክ ዕዳ ነበረበት። ዕጣ የወጣለት ደካማ ሰው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ደባል ሲገባ አይተናል። ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ ከከተማው ዳር ነው። ሰኞ ገበያ እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ከዳር ስትመጣ የታክሲው ወጪ ትርፏን ይበላዋል።

አሁን የባለሀብቱን ሐሳብ በዚህ ዓይን ይዩት። ጂ+4 ለመሥራት ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሉሚኒየም፣ ሴራሚክ ይገዛል። ገንዘቡን ከወለድ ጋር መመለስ አለበት። ስለዚህ ታችኛውን ለባንክ ወይም ለሱቅ፣ ላይኛውን ለቢሮ ወይም ለፔንሲዮን ያከራያል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ሌላ አያወጣውም። በዚያ ፎቅ ላይ ለልብስ ሰፊው የሚሆን ክፍል አይኖርም። እንዲያውም ለእናንተ የሚደርሳችሁን ግማሽ ራሳችሁ አትኖሩበትም፤ ታከራዩታላችሁ እንጂ። አያታችሁ የሠሩት ቤት ግን ተከፍሎ ያለቀ ነው። የሚፈልገው ጥገና ነው፤ የጥገና ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ለአናጢና ለግንበኛ የሚከፈል የእጅ ዋጋ ስለሆነ እዚያው ከተማው ውስጥ ይቀራል። ርካሽ ቤት የሚገኘው ያለውን ጠብቆ በትንንሽ ክፍል በመጨመር ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የጣሊያኗ ቦሎኛ በ1973 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የማኅበራዊ ቤቶችን ሕግ ተጠቅማ በአሮጌው መሀል ከተማ ያሉ ቤቶችን አድሳ ነዋሪው እዚያው እንዲቆይ ዕቅድ አወጣች። አሜሪካኖች ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃ ለሚያድስ የወጪውን 20 በመቶ ከግብር ይቀንሱለታል፤ ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ቤት ለሚሠራም በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ሌላ የግብር ቅናሽ አለ። ብዙ አልሚዎች ሁለቱን ደርበው ይጠቀማሉ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የግብር መሣሪያ የለም። ስለዚህ ከውጭ ያነበቡትን ቀድተው «መንግሥት ይደጉመኛል» ብለው አይነሱ። ከአገራችን ሕግ የሚጠብቁት ፈቃድና ድርድር ነው፤ ገንዘቡ ከራስዎ ኪራይ ይመጣል።

የወሎን ነገር ካነሳን አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ ላሊበላ ላይ አለ። ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ኩራኩር በሚባል ሌላ ሰፈር እንዲሰፍሩ ተደርጓል። አብያተ ክርስቲያናቱን ለመጠበቅ ነበር፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን የላስታ ክብ፣ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት ሰው ካልኖረበት ማን ያየዋል? ሣሩ ሲሳሳ ማን ይከድነዋል? ድንጋዩ ሲላቀቅ ማን ጭቃ ይመርግበታል? እሳት የማይነድበት፣ በር የማይከፈትበት ቤት ቶሎ ይወድቃል። ስለዚህ የአያትዎ ቤትም ተዘግቶ ሙዚየም ይሁን የሚል ሐሳብ ቢቀርብልዎ አይቀበሉ። ሰው ይኑርበት።

ያሉት አማራጮች በተግባር አራት ናቸው። ሁሉንም ትቶ መቀመጥ አንዱ ነው፤ ይህ በጥቂት ክረምት ውስጥ ቤቱን ያሳጣዎታል። አፍርሶ መሥራትን አይተናል። ሦስተኛው የፊት ግድግዳውን ብቻ አስቀርቶ ከኋላው አዲስ ኮንክሪት ማቆም ነው። በድንጋይና በጭቃ ቤት ላይ ይህንን አልመክርም። ግድግዳው የሚቆመው ከፎቁና ከጣሪያው ጋር ተያይዞ ነው። ውስጡ ሲወጣ ብቻውን አይቆምም፤ ለማቆም የሚወጣው ወጪም ቤቱን ከማደስ ይበልጣል። አራተኛው፣ እኔ የምደግፈው፣ አሮጌውን ከፊት ጠግኖ ከጓሮ በኩል ዝቅ ያለ አዲስ ቤት መሥራት ነው።

ስፋቱን እናስላ። ግቢው 16 ሜትር ፊት፣ 25 ሜትር ጥልቀት አለው እንበል። የፊቱ ቤት 11 በ9 ከሆነ በጎኑ መተላለፊያ ይተርፋል። ከጓሮው ጫፍ 14 በ7 የሆነ ጂ+2 ብናቆም ሦስቱ ወለል በጠቅላላ 294 ካሬ ይሆናል። ለግድግዳ፣ ለደረጃና ለመተላለፊያ 20 በመቶ ስንቀንስ 235 ካሬ ገደማ ይቀራል። እያንዳንዱ ቤት በአማካይ 28 ካሬ ቢሆን ስምንት ቤት ይወጣል። በኮንዶሚኒየሙ ፕሮግራም ባለ አንድ መኝታ የሚባለው ከ20 እስከ 30 ካሬ ስለነበር ይህ ማጥበብ አይደለም። አራቱ ለጓሮ ነዋሪዎች፣ አራቱ ለኪራይ። በመሀል ዘጠኝ ሜትር ያህል ግቢ ይተርፋል፤ ልብስ የሚሰጣበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ቡና የሚፈላበት። እሱን አይሽጡት፣ አይሸፍኑት።

ለምን ጂ+2? አንደኛ፣ ከፊት ያለውን ቤት አይውጠውም። ሁለተኛ፣ በ2001 በወጣው የሕንፃ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባል፤ የባለሙያውም የቁጥጥሩም ደረጃ ይከብዳል። ጂ+2 ከዚያ በታች ይቆያል። ሦስተኛ፣ መሬቱ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተትም ታውቃለች። በ1953 ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳፈራረሰ ትልልቅ ሰዎች ይነግሩዎታል፤ ካራ ቆሬ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው በራሳችን መንገድ ላይ ነው። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ አንድም ፎቅ እንዳይጀመር። «ጎረቤት ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም» ምርመራ አይደለም።

መንቀጥቀጡን ካነሳሁ ስለ አሮጌው ቤትም ልናገር። የላይኛው እንጨትና ጭቃ ሲነቃነቅ አብሮ ይወዛወዛል፤ በዚህ በኩል ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ በጭቃ የተገነባው የታችኛው ድንጋይ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ግድግዳው ሆዱን ከነፋ፣ መሃንዲስ ሳያይ ጥገና አይጀምሩ። ብዙ ጊዜ ማዕዘኖቹን በረጃጅም ድንጋይ ማጠላለፍና የፎቁን እንጨቶች ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰር በቂ ነው።

ጥገናው ቅደም ተከተል አለው፤ ከቀለም አይጀምርም። መጀመሪያ ቆርቆሮና አሸንዳ። ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ውሃ የሚያርቅ ቦይ። ሦስተኛ የበሰበሱ እግሮችና የፎቁ ተሸካሚዎች። ከዚያ የሲሚንቶውን ልስን ማንሳትና ግድግዳውን ማድረቅ። ቢያንስ አንድ በጋ ይድረቅ። መጨረሻ ላይ ከጭድ ጋር በደንብ በቦካ ጭቃ ምርጊት፣ በላዩም ኖራ። ጭቃው የሚቦካው ቀናት ወስዶ፣ እየተረገጠ ነው። በአንድ ቀን ቦክቶ የሚለጠፍ ጭቃ ይሰነጠቃል፤ ተቋራጩ ቢቸኩል አይስሙት።

አንድ ነገር በፍጹም አያድርጉ፤ አሮጌው ፎቅ ላይ ሽንት ቤትና ሻወር አያስገቡ። የማይታይ የቧንቧ ጠብታ በአንድ ዓመት ውስጥ የፎቁን እንጨት ይበላዋል። ውሃ የሚነካው ሁሉ፣ መጸዳጃውም ልብስ ማጠቢያውም፣ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ይሁን፤ የፊቱ ቤት ነዋሪዎች ከታች በጓሮ በር የሚደርሱበት ይደረግላቸው። ምጣዱም ከእንጨቱ ይራቅ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከሥር ተነቅሎ እንደ አዲስ ይዘርጋ። እንጨት ቤት በጎርፍ ቀስ ብሎ ይሞታል፣ በተላጠ ሽቦ ግን በአንድ ሌሊት ያልቃል። ለአዲሱ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈርም ከአሮጌው ግድግዳ ራቅ ይበል፤ በክረምትም አይቆፈር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። የጓሮዎቹ አራት ክፍሎች የእናንተ አይደሉም። የቆሙበት መሬት በካርታችሁ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ዛሬውኑ ይዩ። 400 ካሬ ያላችሁት የአጥሩ ስፋት ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ላይ ያለው 300 ሊሆን ይችላል። ባለሀብቱ «ቀበሌውን እኔ እጨርሳለሁ» ካለ ከዚያ በላይ አይስሙት። አዲስ ቦታ በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው የሚሰጠው፤ በሰው በኩል የተጨረሰ ነገር በሰው በኩል ይፈርሳል።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳደሩ የጋራ ሐሳብ ያቅርቡ። እናንተ ለጓሮ ነዋሪዎች አራት ቤት ሠርታችሁ ለከተማው ታስረክባላችሁ፤ ነዋሪዎቹ በቀበሌ ኪራይ ይቀጥላሉ፤ በምትኩ በዚያው መሬት ላይ የቀሩትን አራት ቤቶች የመገንባትና የመያዝ መብት በውል ይሰጣችኋል። ከተማው አንድ ብር ሳያወጣ አራት የወላለቁ ቤቶችን በአራት አዲስ ቤቶች ይቀይራል። ይህ በአዋጅ የተጻፈ መብታችሁ አይደለም፤ ድርድር ነው። ሊከለክሉም ይችላሉ። ነዋሪዎቹን ግን ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አራቱ አባወራዎች ማመልከቻው ላይ ከፈረሙ መልሱ ይለያል። ግንባታው ሲካሄድ የት እንደሚያድሩም አስቀድሞ በጽሑፍ ይስፈር። የፊቱ ቤት ቀድሞ ከታደሰ ለጊዜው እዚያ ማረፍ ይችላሉ። ለዚህም ነው ጥገናው ከአዲሱ ግንባታ መቅደም ያለበት።

ከተማው እምቢ ቢል? ያኔ አዲሱን ግንባታ ይተዉትና የፊቱን ቤት ብቻ ያድሱ። ታች መንገድ ዳር ያሉትን ክፍሎች ለሱቅ ያከራዩ፤ ላይኛውን ለሁለት ቤተሰብ ይክፈሉት። መጸዳጃውን በራሳችሁ መሬት ላይ ከግቢው ጥግ ይሥሩት። ትርፉ ያንሳል፤ ቤቱ ግን ይተርፋል፣ የጓሮ ሰዎችም አይነኩም። ባለሀብቱን ለመጥራት ይህ ምክንያት አይሁናችሁ።

ስለ ገንዘቡ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ቆርቆሮውና ቦዩ ሲያልቁ ሱቆቹን አከራዩ። በሱቅ ኪራይ ቀሪውን ጥገና ጨርሱ። ለጓሮው ግንባታ ብድር ብትወስዱ ሱቆቹ የሚያስገቡት ይክፈለው። አራቱን የኪራይ ቤቶች በሰፈሩ ሰው አቅም ማከራየት የምትችሉት ከፊት ያለው ሱቅ ሸክሙን ስለሚጋራ ነው። ይህንን በወንድምና እህት መካከል አሁኑኑ በጽሑፍ አስፍሩት፤ አለበለዚያ ዕዳው ሲያልቅ አንዱ ኪራይ ይጨመር ማለቱ አይቀርም።

ጅዳ ያለችውን እህታችሁን በተመለከተ አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። ግን ከሁሉ በፊት የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይውጣ፤ ካርታውም በአራታችሁ ስም ይዙር። የአያት ስም ባለበት ካርታ የግንባታ ፈቃድም ብድርም አይገኝም። ከዚያ ቤቱ ባለበት ሁኔታ ይገመት። ድርሻዋን ከሱቁ ኪራይ በየዓመቱ እየቆረጣችሁ የምትከፍሉበት ውል ተዋዋሉ፤ ውክልናዋን በቆንስላ በኩል ትላክ። ቶሎ ልክፈላት ብላችሁ ግቢውን ለባለሀብት ብትሰጡ ግን እሷም ገንዘቧን ሕንፃው እስኪያልቅ ትጠብቃለች። በከተሞቻችን ጅምር ሆነው የቀሩ ሕንፃዎችን ስታዩ ያ «እስኪያልቅ» ስንት ዓመት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ።

አሁን የሚያስፈልጓችሁ ወረቀቶች ሦስት ናቸው፤ የባህልና ቱሪዝሙ የጽሑፍ መልስ፣ ከማዘጋጃ ቤት የካርታው ማረጋገጫ ከፕላን መረጃው ጋር፣ የፍርድ ቤቱ የወራሽነት ማስረጃ። እነዚህ እጃችሁ ላይ ሳይገቡ ከማንም ጋር አትዋዋሉ። ቆርቆሮው ግን ወረቀት የሚጠብቅ ጊዜ የለውም። ለባህልና ቱሪዝሙ በምትጽፉት ደብዳቤ ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በዚያው ዓይነት መቀየር እንደምትፈልጉ አብራችሁ ግለጹ፤ የቤቱን አራት ጎን፣ ሰገነቱንና የሚያፈሰውን ቦታ ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። ፈቃዱ እንደመጣ አናጢውን ጥሩ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ጣሪያ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሥራው በግንቦት ማለቅ አለበት።